በድንግዝግዙ ውኃ ውስጥ ስንት ዓሣ አለ?

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ በየትኛውም አቅጣጫ የብስ በማይታይበት ክፍት ውቅያኖስ ላይ፣ በአንዲት የምርምር መርከብ ናሙና ለዪ ሆኜ ሦስት ሳምንት ሠርቻለሁ። መረቡ የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ዊንቹ ገመዱን ጠቅልሎ ሲጨርስ፣ በመረቡ ጅራት ላይ የታሰረው ባልዲ መሰል ማጠራቀሚያ ይፈታና የያዘው ሁሉ በነጭ ዝርግ ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ እኔም በወረንጦ እያነሣሁ በየዓይነቱ እለያለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እመዝናለሁ፣ በመዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እንደ ደም የቀላው ሽሪምፕ ነው። ቀጥሎ እንደ ብር ሳንቲም ጠፍጣፋና አብረቅራቂ የሆነው፣ ቅርፁ የመጥረቢያ ስለት ስለሚመስል በመጥረቢያ ስም የሚጠራው ዓሣ አለ። ከዚያም ጣት የሚያክሉ፣ ሆዳቸውና ጎናቸው በተርታ በተደረደሩ ዕንቁ መሰል ነጥቦች የተሞላ፣ ፋኖስ ዓሣ የሚባሉት ይመጣሉ፤ መረቡ ቅርፊታቸውን ስለሚልጠው አብዛኞቹ ሳህኑ ላይ የሚደርሱት ተገፍፈው ነው። ከሁሉም ሥር፣ ከዝልግልግ የጄሊ ፍርፋሪ ጋር ተጣብቆ፣ የረጠበ ክር የሚመስል፣ ግማሹ ግራጫ ግማሹ ጥቁር የሆነ ነገር ይቀራል። እሱም ዓሣ ነው።

ይህ ክር መሰል ዓሣ ሳይክሎቶን ይባላል። ርዝመቱ እንደ ዝርያው ከ2 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግራም እንኳ አይመዝንም። አፉ ለቁመቱ የማይገባ ሰፊ ነው፤ ጥርሱ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቀጠነ፣ ዓይኑ የመርፌ ጫፍ የምታክል ናት። ሥጋው ልል፣ አጥንቱ ስስ ስለሆነ፣ መረብ ውስጥ ገብቶ ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ሲጎተት ይበጣጠሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ወይም ጅራት የጎደለውን ሁሉ «ቁርጥራጭ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ብልቃጥ ውስጥ እጨምር ነበር። በስምንተኛው ሌሊት የጉዞው መሪ የነበሩት ተመራማሪ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ብልቃጡን በመብራቱ ፊት ከፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያም መልሰው በሳህኑ ላይ ገለበጡትና፣ «ራሱን ቁጠር እንጂ ገላውን አትቁጠር፤ አንድ ዓሣ ያለው አንድ ራስ ነው» አሉኝ። በዚያ ሌሊት ከብልቃጡ ውስጥ በወረንጦ የለቀምኳቸው ራሶች፣ ሙሉ አካል ይዘው ከተገኙት ዓሦች ሁሉ በቁጥር በለጡ። በሳህኑ ላይ ከነበረው ሁሉ የሚበዛውን እንስሳ ሰባት ሌሊት ሙሉ ከፍርፋሪ ጋር ስደምረው ቆይቻለሁ ማለት ነው።

ሳይክሎቶን በምድር ላይ ካሉት የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሁሉ፣ ከወፉም ከአይጡም ከሰውም፣ በቁጥር የሚበልጠው ወገን እንደሆነ የዘርፉ ሊቃውንት በስፋት ይቀበላሉ። ይህን ያህል የበዛ ፍጥረት ይህን ያህል ሳይታወቅ መኖሩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገውም ይኸው ነው፤ በሞቃታማው ክልል ውቅያኖሶች ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚኖሩት ትናንሽ ዓሦች የት የት እንዳሉ በሚገባ እየታወቀ መጥቷል፣ ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን ዛሬም በመቁጠሪያው መሣሪያ ይወሰናል።

ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው የውቅያኖስ ክፍል የድንግዝግዝ ቀጠና ነው። ከእሱ በላይ ያለው ውኃ አልጌ ምግቡን የሚሠራበት ብርሃን አለው፤ ከእሱ በታች ያለው ፍጹም ጨለማ ነው፤ በመካከሉ ያለው ብርሃን ግን ዓሣ ከላዩ የሚያልፈውን ጥላ ለመለየት ያህል ብቻ የሚበቃ፣ ሰማያዊ፣ እየሳሳ የሚሄድ ብርሃን ነው። በሞቃታማው ክልል የላይኛው ውኃ እስከ 27 ወይም 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሞቅ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ሙቀቱ በአጭር ርቀት ውስጥ በኃይል ይወርድና በ500 ሜትር ላይ ወደ 10 ዲግሪ ወይም ከዚያም ዝቅ ይላል። ማታ ወጥቶ ንጋት ላይ የሚወርድ ዓሣ እንግዲህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጣት በምታክል ገላ፣ ይህን ሁሉ የሙቀት ልዩነት ያቋርጣል ማለት ነው።

ወደ 250 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሏቸው ፋኖስ ዓሦች አብዛኞቹ ይህን ጉዞ የሚያደርጉ ናቸው። ቀን በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ይቆያሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ፕላንክተን የሚባሉትን፣ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ትናንሽ እንስሳት ተከትለው ይወጣሉ፤ ሊነጋ ሲል ተመልሰው ይወርዳሉ። የሚመራቸው ሰዓት ሳይሆን የብርሃን መጠን ነው። ሙሉ ጨረቃ በሆነች ሌሊት ከወትሮው ዝቅ ብለው የሚቆሙ ዝርያዎች አሉ፤ በመሆኑም ጨረቃን ሳያስብ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይዞ ሊመለስ ይችላል። አንድ ሌሊት ከመርከቡ ጎን ከተንጠለጠለው መብራት ሥር ከእነዚህ አንዱን ሕያው ሆኖ በእጅ መረብ ቀዳሁት። ዓይኑ የራሱን ግማሽ ያህል ይዟል። ጀርባው እንደ ብረት ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን፣ በሆዱ ላይ ያሉት ነጥቦች ግን በመዳፌ ጥላ ውስጥ ሳደርገው ለአንድ አፍታ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ሰጡና ጠፉ። ያ ብርሃን የተሠራው ለማሳየት ሳይሆን ለመደበቅ ነው። ከታች ሆኖ ሽቅብ የሚመለከት አዳኝ የዓሣውን ጥቁር ጥላ እንዳያይ፣ ከላይ የሚመጣውን ቀሪ ብርሃን በልኩ ይተካል።

ሳይክሎቶን ግን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አይወጣም። ቀንም ሌሊትም በዚያው ጥልቀት ተንሳፍፎ ወደ አፉ የሚመጣውን ይጠብቃል። ለዚህ ኑሮ የሚያስፈልገው ጡንቻም ምግብም ጥቂት ነው፤ የቁጥሩ ብዛት አንዱ ምክንያትም ይህ ቁጥብነቱ ይመስለኛል። ዝርያዎቹ በጥልቀት ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ ወደ ላይ ቀረብ ብለው የሚኖሩት ውስጣቸው የሚታይ ነጣ ያሉ ሲሆኑ፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቀለማቸው እየጠቆረ ይሄዳል። በሳህኔ ላይ ግራጫና ጥቁር ክር ያየሁት በዚህ ምክንያት ነበር፤ መረቡ በአንድ ጉዞ ሁለት ፎቅ አቋርጦ፣ የሁለቱንም ነዋሪዎች አደባልቆ አምጥቷል። ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ መጀመሪያ ወንድ ሆነው አድገው ኋላ ወደ ሴትነት እንደሚለወጡም ይታወቃል፤ ወንዶቹ በጨለማ ውስጥ ሴቲቱን በጠረኗ ለማግኘት የሚያገለግል ትልቅ የማሽተቻ ብልት አላቸው።

ወደ አግድሙ ስርጭት ስንመጣ፣ ሞቃታማው ውቅያኖስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በታላላቅ ክብ ጅረቶች የተከበበው የውቅያኖስ መካከል ውኃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጥራቱም የድህነቱ ምልክት ነው። በዚያ የዝርያው ዓይነት እጅግ ብዙ፣ የእያንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ግን ትንሽ ነው፤ አንድ መረብ በርካታ ዝርያዎችን ይዞ ሊወጣና ከብዙዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊገኝ ይችላል። በምድር ወገብ መስመርና በአህጉራት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ነፋስ የላዩን ውኃ ገፍቶ ከሥር ቀዝቃዛና ማዳበሪያ የበዛበት ውኃ በሚያወጣበት ስፍራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝርያው ያንሳል፣ ቁጥሩ ይበዛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቃዊው የፓስፊክ ሞቃታማ ክፍል በተደረገው ሰፊ የዓሣ ጫጩት ቆጠራ፣ ቪንሲጌሪያ ሉሴቲያ የተባለችው ትንሽ ዓሣና አንድ የፋኖስ ዓሣ ዝርያ ከሌሎቹ ሁሉ በልጠው ተገኙ። የሚያስገርመው ይህ ስፍራ ከሥሩ ኦክስጅን የጠፋበት መሆኑ ነው። ከላይ የሚሞተው የበዛ ሕይወት ወደ ታች እየዘነበ ሲበሰብስ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት መቶ ሜትር በታች ያለው ውኃም ለአብዛኛው ዓሣ የመታፈኛ ስፍራ ይሆናል። በዚያ ቀኑን ውሎ የመመለስ ችሎታ ያላቸው ጥቂት ዝርያዎች ግን አዳኝ የማይከተላቸው መሸሸጊያ ስለሚያገኙ ይበዛሉ።

የዚህ ግልጹ ምሳሌ የዓረብ ባሕር ነው። ከዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ ኦክስጅን እጅግ ካነሰባቸው ስፍራዎች አንዱ የሆነው ይህ ባሕር፣ በተለይ የኦማን ባሕረ ሰላጤ፣ ቤንቶሴማ ፕቴሮቱም የተባለው ፋኖስ ዓሣ መኖሪያ ነው። ይህ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት ብዙ አያልፍም። ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዶክተር ፍሪድትዮፍ ናንሰን የተባለችው የኖርዌይ የምርምር መርከብ በዚያ አካባቢ ወደ ውኃው ድምፅ እየላከች የሚመለሰውን በመለካትና መረብ በመጎተት ባደረገቻቸው ቅኝቶች ላይ ተመሥርቶ፣ በዓረብ ባሕር ያለው የዚህ ዓይነት ትናንሽ ዓሣ ክምችት 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይሆናል ተብሎ ተገመተ። ንጽጽሩን ለሚፈልግ፣ የዓለም ዓሣ አጥማጆች ሁሉ በአንድ ዓመት ከባሕር የሚያወጡት በጠቅላላው ወደ 80 ሚሊዮን ቶን ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያለው ቀይ ባሕር ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። በደቡባዊ መግቢያው፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል ወደ 137 ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ደፍ ስለቆመ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውኃ አይገባም። ስለዚህ የቀይ ባሕር ውኃ እስከ ታችኛው ወለል ድረስ ከ21 ዲግሪ በላይ ሞቃት ነው። በሞቃት ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ብዙ ኃይል ያቃጥላል፤ በጥልቁ ያለው ምግብ ደግሞ ጥቂት ነው። ከደፉ ማዶ ካለው የሕንድ ውቅያኖስ የዝርያ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ወደ ቀይ ባሕር ጥልቅ ዘልቀው የኖሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተገለጸው ቪንሲጌሪያ ማባሂስ፣ ስሙን ያገኘው በ1933 እና በ1934 የሕንድ ውቅያኖስን ለመረመረው ጉዞ ካገለገለችው ማባሂስ ከተባለች የግብፅ መርከብ ነው። በአንድ የወለል ከፍታ ምክንያት ሁለት ጎረቤት ባሕሮች ይህን ያህል መለያየታቸው፣ ስለ ስርጭት ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ የገባኝ ነገር ነው።

ስርጭታቸው ከሕጉ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። በምሥራቃዊው የአትላንቲክ የምድር ወገብ ክፍል፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ፣ ቪንሲጌሪያ ኒምባሪያ የተባለው ዓሣ እንደ ወገኖቹ ቀን ወደ ጥልቁ መውረዱን ትቶ በጠራራ ፀሐይ ከላይኛው ውኃ በመንጋ ሆኖ ይገኛል፤ ቱናዎችም ይህን አውቀው ይሰበሰቡበታል። በሃዋይ ደሴቶች ዙሪያ ደግሞ በክፍት ውቅያኖስ የማይገኙ፣ ቁልቁለቱን ተጠግተው ብቻ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦችና ሽሪምፖች አሉ። እነዚህ ማታ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጠረፉም ይጓዛሉ፤ ዶልፊኖቹም እነሱን ተከትለው ሌሊቱን ያድናሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የጥልቅ ውኃ ዓሣ መቁጠሪያ ሆነው የኖሩት መሣሪያዎች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ መረብና ድምፅ።

የመረብ ስሌት ሲታይ ቀላል ነው። አፉ 10 ሜትር ካሬ የሆነ መረብ በሰከንድ አንድ ሜትር ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ቢጎተት 36,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያጣራል፤ የተያዘውን በዚህ ማካፈል ነው። አባይን በጭልፋ እንደሚባለው ነውና፣ ይህ ውኃ ከውቅያኖሱ ጋር ሲተያይ ምንም ባይሆንም፣ ጭልፋው ያገኘውን ሁሉ እኩል ቢቀዳ ኖሮ ስሌቱ ባልከፋ። ችግሩ እኩል አለመቅዳቱ ነው። ዓሣ መረብ ሲቀርበው የውኃውን ንቅናቄ ይሰማል፣ መረቡ የነካቸው ሌሎች ፍጥረታት የሚሰጡትን ብልጭታም ያያል፤ ዓይኑ ትልቅ፣ ሲዋኝም ፈጣን የሆነው ፋኖስ ዓሣ ዘወር ይላል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ስታይን ካርትቬትና ባልደረቦቹ በአንድ የኖርዌይ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ የገባ ጠባብ ባሕር) ውስጥ ይህንኑ በድምፅ መሣሪያ ተከታትለው ፋኖስ ዓሦች መረቡን በብቃት እንደሚሸሹ አሳዩ። ሳይክሎቶን ደግሞ አይሸሽም፤ ነገር ግን የመረቡ ዓይን ሰፋ ካለ በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል፣ ካልወጣም ይበጣጠሳል። ሰፊ ዓይን ያለው ትልቅ መረብ የጎተተ ሰው ባሕሩ የፋኖስ ዓሣ ነው ይላል፤ ጠባብ ዓይን ያለው ትንሽ መረብ የጎተተ ደግሞ የሳይክሎቶን ነው ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

የድምፁ ታሪክ የተጀመረው በጦርነት ጊዜ ነው። በ1942 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ አካባቢ ባሕር ሰርጓጅ ለመፈለግ የድምፅ ሙከራ ያደርጉ የነበሩት ካርል አይሪንግ፣ ራልፍ ክሪስተንሰንና ራስል ሬይት፣ በጥቂት መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ ድምፁን የሚመልስ ንጣፍ አገኙ፤ የባሕሩ ወለል ግን ከዚያ እጅግ ይርቅ ነበር። በ1945 ማርቲን ጆንሰን የተባለው የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ይህ ንጣፍ ማታ እንደሚወጣና ንጋት ላይ እንደሚወርድ አሳይቶ፣ ነገሩ ሕይወት ያለው መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ሐሰተኛ ወለል በሞቃታማው ውቅያኖስ ሁሉ ያለ ነው። እኛም በመርከቡ ላይ በየዕለቱ እናየው ነበር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በመሣሪያው ስክሪን ላይ በ400 ሜትር አካባቢ ተዘርግቶ የዋለው ወፍራም ቀለም ከላይኛው ጠርዙ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ከዚያ አንዱ ክፍል እንደ ጢስ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይነሣና በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከላይ ከሚታየው ንጣፍ ጋር ይቀላቀላል። ሥራ የሌለው ሁሉ ለዚህ ሰዓት ወደ ስክሪኑ ክፍል ይመጣ ነበር፤ ማንም ብዙ አይናገርም ነበር።

ነገር ግን ድምፅም የራሱ አድልዎ አለው። ከትንሽ ዓሣ የሚመለሰው ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከሥጋው ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ካለው የጋዝ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ለድምፁ ድግግሞሽ የሚስማማ መጠን ካለው፣ አንድ ትንሽ ዓሣ ከብዙ ትላልቅ ዓሦች ይበልጥ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል። ካደገ በኋላ ከረጢቱ በስብ የሚሞላ ዓሣ ግን ለድምፅ የሌለ ያህል ይሆናል፤ ያደገ ሳይክሎቶን ከዚህ ወገን ነው፣ በርካታ ፋኖስ ዓሦችም እያደጉ ሲሄዱ እንዲሁ ይሆናሉ። በአንጻሩ ሳይፎኖፎር የሚባሉት፣ ከጄሊ ዓሣ ጋር የሚዛመዱ ሰንሰለት መሰል እንስሳት፣ አንዳንዶቹ በአናታቸው ላይ ትንሽ የጋዝ ፊኛ ስላላቸው ዓሣ ሳይሆኑ እንደ ዓሣ ይሰማሉ። ኤሪክ ባርሃም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጠላቂ መርከብ ወርዶ በዚያው ድምፅ መላሽ ንጣፍ ውስጥ በዓይኑ ያያቸው እነዚህን ነበር። ባርሃም ሌላም ያየው ነገር አለ፤ ቀን ላይ ፋኖስ ዓሦቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ወደ ላይ፣ አንዳንዶቹ ወደ ታች አድርገው፣ ቀጥ ብለው፣ ሳይንቀሳቀሱ ተንጠልጥለው ነበር።

ይህን ሁሉ የተረዳ አንባቢ በዓለም ደረጃ የተሰጡት ቁጥሮች ለምን እንዲህ እንደተራራቁ አይገርመውም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያኮብ ዮሳተርና ኮይቺ ካዋጉቺ ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባዘጋጁት ጥናት፣ በየስፍራው የተደረጉትን የመረብ ቆጠራዎች ደምረው በዓለም ውቅያኖሶች ወደ 1 ቢሊዮን ቶን የድንግዝግዝ ቀጠና ዓሣ አለ አሉ። በ2010 መጨረሻ የተነሣው ማላስፒና የተባለው የስፔን ጉዞ፣ በሰሜንና በደቡብ 40ኛ ዲግሪ መካከል 32,000 የባሕር ማይል ያህል በድምፅ ሲለካ ሄደ፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2014 በሻቢየር ኢሪጎየን መሪነት የታተመው ጥናት ክምችቱ ከቀድሞው ግምት ቢያንስ በአሥር እጅ ሳይበልጥ እንደማይቀር አመለከተ። በ2019 ሮላንድ ፕራውድና ባልደረቦቹ ስለ ጋዝ ከረጢቱና ስለ ሳይፎኖፎሩ ያለውን ጥርጣሬ በስሌቱ ውስጥ አስገብተው የደረሱበት ውጤት ከ1.8 እስከ 16 ቢሊዮን ቶን የሚዘረጋ ሆነ። እኔ ከሦስቱ ይልቅ የምተማመነው በመጨረሻው ነው፤ የስፋቱ ልክ ድክመቱ ሳይሆን ታማኝነቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ የተመራማሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሳሰበኝ። ነገር ግን 10 ቢሊዮን የሚለው ቁጥር ከታተመ ወዲህ፣ ለእርባታ ዓሣ መኖ የሚሆን ዱቄትና ዘይት የሚፈልጉ ወገኖች ወደዚህ ቀጠና በአዲስ ጉጉት መመልከት ጀምረዋል። ቁጥሩን እንደ ተቆለለ ሀብት የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው፣ ይህ ብዛት በእያንዳንዱ ስፍራ እጅግ የሳሳ መሆኑ ነው፤ 10 ቢሊዮን ቶን በዓለም ውቅያኖስ ስፋት ላይ ሲዘረጋ በአንድ ሜትር ካሬ ሥር፣ እስከ ሺህ ሜትር ጥልቀት ተቆጥሮ፣ ከ30 ግራም ያነሰ ዓሣ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ እነዚህ ዓሦች የሚሠሩት ሥራ ነው። ከላይ የበሉትን ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በዚያም ይተነፍሱታል፣ ያስወግዱታል፣ ራሳቸውም የሌሎች ምግብ ይሆናሉ፤ በዚህ ዓይነት ከአየር ወደ ላይኛው ውኃ የገባው ካርቦን ቶሎ ወደማይመለስበት ጥልቀት ይወርዳል። ቱናውም፣ ሰይፍ ዓሣውም፣ ስኩዊዱም፣ ዶልፊኑም በእነሱ ላይ ይኖራሉ።

በሞቃታማው ክልል ያሉት አብዛኞቹ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ መኖራቸውም ነገሩን ያከብደዋል። ዕድሜያቸው የሚታወቀው በጆሯቸው ውስጥ ካለው ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ በስሱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው፣ ግን እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ዓመት ሳይሆን አንድ ቀን ነው። ቶሎ መተካካታቸው ለዓሣ አጥማጅ መልካም ዜና ይመስላል፤ ሆኖም በአንድ ዓመት የሚያልፍ ዓሣ ለከርሞው የሚተርፍ የቆየ ወላጅ የለውም፤ ዘንድሮ ካልወለደ የሚወልድለት የለም። ስለዚህ የዘንድሮውን ብዛት ሳናውቅ የዘንድሮውን ምርት መወሰን ትክክል አይመስለኝም። ከየትኛውም አገር የባሕር ክልል ውጭ ያለው ሰፊ ባሕር በ2023 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀ የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ያለው ቢሆንም፣ ስምምነት የሚጠብቀው የታወቀን ነገር ነው፤ ማወቁ ደግሞ በሳህን፣ በወረንጦና ራስ በመቁጠር ጭምር የሚሠራ ሥራ ነው።

ከስምንተኛው ሌሊት በኋላ ያሉትን አሥራ ሦስት ሌሊቶች በሙሉ ራስ ቆጠርኩ። የላይኛውን መንጋጋ አጥንት በወረንጦ ጫፍ ገልብጬ ጥርሱን በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ ግራጫውን ከጥቁሩ ለይቼ፣ በየጥልቀቱ አሰፈርኩ። የቀደሙት ሰባት ሌሊቶች ግን አልተመለሱም፤ የእነዚያን ብልቃጦች በየማለዳው ከመርከቡ ጎን ወደ ባሕር ደፍቼ አጥቤያቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ሠንጠረዡን ስናጠቃልል መሪያችን ባዶ እንዳስቀረው ወይም ከሌሎቹ ሌሊቶች አማካይ ወስጄ እንድሞላው እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ሁለቱንም አልፈቀዱም። በሰባቱ ረድፎች ላይ ሙሉ ዓሦቹ እንደተቆጠሩ እንዲቆዩ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ኮከብ እንዲደረግና ከሠንጠረዡ ግርጌ «ራስ አልተቆጠረም» ተብሎ እንዲጻፍ አደረጉ። ጽሑፉ በእኔ እጅ ነው የተጻፈው።